የሥዕል ፔሬድ ለሒሳብ ሲሰጥ

ግንቦት ሲገባ የባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች መንፈስ ይለወጣል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደርሷል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከኋላው አለ። በዚህ ሰሞን ከሳምንቱ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚታጠፈው ክፍለ ጊዜ የትኛው እንደሆነ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሥዕል ነው። ካልሆነም ሙዚቃ። የሒሳብ መምህሩ ምዕራፍ አልጨረሱም። የእንግሊዝኛ መምህርቷም መልመጃ ቀርቷቸዋል። ፔሬዱ ይሰጣቸዋል። ማንም ቅር አይለውም። ወላጅም ቢሰማ «እሰየው» ነው የሚለው።

እኔ ግን ቅር ይለኛል። የአንዲት ፔሬድ ጉዳይ ቢመስልም ከጀርባው ብዙ ነገር አለ። ልጅ በትምህርት ቤት ቆይታው የራሱን ነገር ሠርቶ «ይኸው» የሚልበት ጊዜ ከዚህ ሌላ እምብዛም የለውም። በሌላው ፔሬድ ከሰሌዳ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ የተጠየቀውን ይመልሳል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ይበልጥ ያስቆጫል። የሐይቁ ዙሪያ በጥበብ ሰው የተሞላ ነው። ሠዓሊው፣ ባለ ዜማው፣ ባለ ማሲንቆው፣ ታንኳ ሠሪው፣ ሰፌድ ሰፊዋ ሁሉ እዚሁ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ግን አይገቡም።

በወረቀት ደረጃ ነገሩ ደህና ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጊዜ በታችኞቹ ክፍሎች ሥነ ውበት ከሰውነት ማጎልመሻ ጋር ተጣምሮ ይሰጥ ነበር። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሙዚቃና ሥዕል ለየብቻ ይሰጡ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አዲስ ፖሊሲ ጸደቀ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና የእይታ ጥበባት በአንድ ትምህርት ሥር ተሰባስበዋል። ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ቲያትርና ውዝዋዜ አንድ ላይ ማለት ነው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። መሣል የማይሆንለት ልጅ ሊተውን ይችላል። መድረክ የምትፈራ ልጅ በሸክላ ወይም በቀለም ልትናገር ትችላለች።

ችግሩ ወረቀቱን ክፍል ውስጥ የሚያስገባው መምህር መሆኑ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው የለም። ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ያነሰባቸው የአማርኛ ወይም የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር ማሟያ እንዲሆንላቸው ይሰጣቸዋል። አንድ ሰው ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ቲያትሩንም ውዝዋዜውንም ይችል ዘንድ ሠልጥኖ እንኳ ከባድ ነው። ሳይሠለጥን ምን ያድርግ? መጽሐፉን ይከፍትና ኖት ያስጽፋል። በ40 ደቂቃ፣ ከ50 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ያለ ወረቀትና ያለ ቀለም ሌላ ምን እንደሚጠበቅበት አላውቅም። መምህሩን መውቀስ አልፈልግም። መምህሩ ራሱም የተማረው እንዲሁ ነው።

እኔም ሙዚቃ የተማርኩት እንዲህ ነበር። አምስት መስመር ሰሌዳው ላይ ተሰመረ። ክብ ክብ ምልክቶች ተደረደሩበት። በማስመሪያ እየለካን ደብተራችን ላይ ገለበጥን። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ብለን ስማቸውን ሸመደድን። ተፈተንበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከክፍሉ አንድም ዜማ አልወጣም። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ዋናን ከሰሌዳ እንደ መማር ነው። ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ዋሽንት አሳምረው የሚነፉ ልጆች ነበሩ። ከገጠር የመጡ ናቸው። ከብት ሲጠብቁ ሸምበቆ ቆርጠው፣ ቀዳዳውን በጋለ ብረት በስተው ራሳቸው የሠሩትን ነው የሚነፉት። መምህራችን ይህን አላወቁም። እኛም ለመናገር አላሰብንም። ዋሽንት የትምህርት ቤት ነገር አይመስለንም ነበራ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአማራ ክልል ልጅ ጆሮው የሚያድገው በአራቱ ቅኝቶች ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። ልጁ የቅኝቱን ስም ባያውቅም በሠርግ፣ በሬዲዮ፣ በእናቱ እሹሩሩ ሰምቶታል። ትምህርቱ ከዚያ ቢነሳ የውጭውን ሰባት ድምፅም በኋላ በቀላሉ ይይዘዋል። እኛ ግን ልጁ የሚያውቀውን ትተን ከማያውቀው ጀመርን። ያልሰማውን ምልክት እንዲሸመድድ አደረግነው።

ወደ ፈተናው ልመለስ። የወላጆችን ጭንቀት አልንቅም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ከፍ ብሎ 5.4 በመቶ ደረሰ። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን ቱቶሪያል ቢያስገባ፣ ቅዳሜና እሑድን ቢያስጠና ማን ይፈርድበታል? ትምህርት ቤቱም ያው ነው። በፈተና ውጤት ይመዘናል፤ ስለዚህ የማይፈተነውን ይቆርጣል። ግን እንጠይቅ። ለዓመታት የሥዕልና የሙዚቃ ፔሬድ ስናጥፍ ነው የኖርነው። ያጠፍነው ሰዓት ውጤቱን አላዳነውም። የልጆቹ ዋና ችግር ያነበቡትን መረዳት፣ ያሰቡትን መጻፍ፣ ያልተለመደ ጥያቄ ሲመጣ አለመደንገጥ ከሆነ፣ ተጨማሪ የሽምደዳ ሰዓት ያንን አይሞላም።

ከፈተናው በታች ሌላ የቆየ ነገር አለ። ንቀት ነው። «ልጄን የላክሁት አዝማሪ እንዲሆን አይደለም» የሚል ወላጅ ዛሬም ይገጥማል። እዚህ አገር ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጥ እየበሉ፣ ሸማኔው በሸመነው ጥበብ እየተዋቡ፣ ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረሱ ሠሪዎቹን ቡዳ ማለት የኖረ ነውር ነው። አፄ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በፊት ባለ እጁን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ቢቀንሰውም ከቤት አላወጣውም። አሁን ደግሞ በሌላ መልክ ይመጣል። ጎበዝ ተማሪ ሥዕል ሲሞክር «ጊዜህን አታባክን» ይባላል። ሰነፍ የተባለው ሲስል ግን ማንም አይከለክለውም። ጥበቡ ሌላ ነገር ያልሆነለት ሰው መጠጊያ ተደርጎ ተቆጥሯል ማለት ነው።

በሐይቁ ዳር ይህን ንቀት ከማንም በላይ የቀመሱት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ጣናን ለዘመናት ያቋረጠውን ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ በልክ በልኩ ያስራሉ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ያቀኑታል። ሥራው ዓይንና ልክ ይፈልጋል። ሸክሙን የሚችል፣ ውሃው ላይ የማያጋድል፣ አንድ ሰው ተሸክሞ ሊያወጣው የሚችል መሆን አለበት። ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ማድረቅ፣ ማደስ፣ እንደገና መሥራት አይቀርም። ይህን የሚያውቅ ማኅበረሰብ ለረጅም ጊዜ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብ ተደርጎ ኖሯል።

አሁን የእነዚህን ሰዎች ልጅ አንድ የባሕር ዳር ክፍል ውስጥ አስቡት። በሒሳብ መካከለኛ ነው እንበል። በእንግሊዝኛ ዝም ይላል። አንድ ቀን መምህሩ «ዛሬ ትንሽ ታንኳ እንሠራለን» ብለው እፍኝ ደንገል ቢያመጡ፣ በዚያች 40 ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ የሚያውቀው ማን ነው? መምህሩም ተማሪ ይሆናሉ። ጎበዞቹ ልጆች «እንዴት ነው የምታስረው?» ብለው ይጠይቁታል። የጥበብ ትምህርት ለትምህርት ቤት ሕይወት ከሚሰጠው ሁሉ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህንን ነው። በክፍል ውስጥ ማን ያውቃል፣ ማን አያውቅም የሚለው ደረጃ ለአፍታም ቢሆን ይገለበጣል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ወደ ፊት ይመጣል። አንድ ጊዜ የመጣ ልጅ ደግሞ በሌላውም ትምህርት እጁን ለማውጣት ይደፍራል።

ትምህርት ቤቶቻችን ጥበብን ጭራሽ አያውቋትም ማለት ልክ አይሆንም። ሚኒ ሚዲያ አለ። የሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ የቲያትርና የሙዚቃ ክበብ አለ። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ልጆች ይዘምራሉ። ሰኔ መጨረሻ የወላጆች ቀን ሲመጣ ግጥም ይነበባል፣ ድራማ ይታያል፣ እስክስታ ይወረዳል። ወላጅ በስልኩ ይቀርጻል። ደስ ይላል። ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ በየዓመቱ መድረክ የሚወጡት ያው ጥቂት ልጆች ናቸው። ድምፃቸው ያማረ፣ ደፋሮች፣ ቤታቸው የባህል ልብስ የሚገዛላቸው። ሌላው ተማሪ ወንበር ተሸክሞ ይመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ወንበሩን ይመልሳል። ክበብ ለሚወድ ልጅ ጥሩ ነው። ነገር ግን መውደዱን ገና ያላወቀ ልጅ በክበብ አይገኝም። የሚገኘው በመደበኛው ፔሬድ ነው። ስለዚህ «ክበብ አለን» ማለት ለታጠፈው ክፍለ ጊዜ መልስ አይሆንም።

አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ኪቦርድና የሥዕል ክፍል እንዳላቸው በማስታወቂያቸው ይጽፋሉ። ጥሩ ነው። ያ ግን ለከፈለ ልጅ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህ አካባቢ ጥበብንና ትምህርትን ለያይቶ የማያውቅ ነበር። የአብነት ትምህርት ቤቱን ተመልከቱ። ንባብ ቤት ያለው ሕፃን ገና ፊደል ሲቆጥር በዜማ ነው የሚቆጥረው። ዜማ ቤት ሲገባ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስት የዜማ ዓይነቶች ይለያል። ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉትን ስምንት ምልክቶች ያውቃል። እነዚህ ምልክቶች ድምፅ የሌላቸው ስሞች አይደሉም፤ ልጁ እያዜመ ነው የሚያውቃቸው። አቋቋም ሲማር ሰውነቱ ይማራል። መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ የእግሩ ርምጃ ሁሉ ትምህርት ነው። ድጓ የፈለገ ቤተልሔም ይወርዳል። ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ ይሄዳል። ሁለቱም ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ናቸው።

ቅኔ ቤት ደግሞ ለብቻው ይደንቀኛል። ጎጃም በዋሸራ፣ በጎንጅና በጽላሎ ስሟ የገነነው በቅኔ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እየጨመረ እየጨመረ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የራሱን እንዲፈጥር ይጠበቅበታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይቻልም። የሌላውንም ማቅረብ ነውር ነው። ቆጥሮ የመጣውን በየኔታ ፊት፣ በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል። ስሕተቱን እዚያው ይሰማል፣ እዚያው ያርማል። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ዛሬ በዓለም ላይ «ፈጠራን የሚያበረታታ ትምህርት» እየተባለ የሚፈለገው ነገር ይኸው ነው። እኛ ጋ ከሣር ጎጆ ውስጥ ሲሠራበት ኖሯል።

ሁሉም ወደዚያ ይመለስ ማለቴ አይደለም። ያ ሥርዓት ሴት ልጆችን በአብዛኛው አላስገባም። ሙስሊሙን ልጅ አይመለከትም። እሱም በበኩሉ በቁርዓን ቤት ሉሕ ላይ እየጻፈ በዜማ ሲቀራ፣ ወሎ ላይ ደግሞ መንዙማ ሲሰማ አድጓል። ቆሎ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ነው የተማረው። አለንጋውም ነበር። ስለዚህ ነው ዘመናዊው ትምህርት ቤት የግድ የሚያስፈልገን። ሴቱም ወንዱም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የነጋዴውም የታንኳ ሠሪውም ልጅ አንድ ክፍል የሚቀመጡበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ያ ቦታ ግን ሁሉንም አስገብቶ ጥበቡን ደጅ አስቀረ። ከአብነት ትምህርት ቤቱ መውሰድ የነበረብን ልጁ በየጊዜው የራሱን ሠርቶ በሰው ፊት ማቅረቡንና ወዲያው መታረሙን ነበር። እኛ የወሰድነው ሽምደዳውን ብቻ ሆነ።

አሁን ስለ ጥቅሙ ትንሽ ላውራ። ምክንያቱም የጥበብ ትምህርት ወዳጆችም አንዳንዴ ያልሆነ ተስፋ እንሰጣለን። «ሙዚቃ የተማረ ልጅ በሒሳብ ይጎብዛል» የሚለው አባባል በየቦታው ይሰማል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ነው። የተሞከረው በሕፃናት ላይ አልነበረም፤ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። የሞዛርትን ሙዚቃ ለአሥር ደቂቃ ሰምተው በአንድ ዓይነት የቅርጽ ፈተና ላይ ትንሽ ተሻሻሉ። ለውጡም ከሩብ ሰዓት አላለፈም። ከዚያ ተነሥቶ «ሕፃናት ሞዛርት ይስሙ» ወደሚል ገበያ ተገባ። ይህን ማስረጃ ይዞ ትምህርት ቢሮ ደጃፍ መቆም ክርክራችንን ያዳክመዋል።

ጠንከር ያለው ማስረጃ ሌላ ነው። አሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ውስጥ በ42 ትምህርት ቤቶች ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ሙከራ ተደርጓል። የጥበብ ትምህርቱ ለየትኞቹ ትምህርት ቤቶች እንደሚጨመር የተወሰነው በዕጣ ነበር። ስለዚህ ውጤቱን ማመን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሲሆን የታየው ይህ ነው። ጥበቡ በተጨመረላቸው ትምህርት ቤቶች በዲሲፕሊን የሚቀጡ ተማሪዎች በ3.6 መቶኛ ነጥብ ቀነሱ። የመጻፍ ውጤታቸው ከፍ አለ። ለሌላው ሰው የማዘን ስሜታቸውም ጨመረ። በሒሳብ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። አልቀነሰምም። ይህቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ለእኛ ወላጆች ትልቅ ናት። ለጥበቡ የተሰጠው ሰዓት ሒሳቡን አልጎዳውም። ከዚያ ቀደም ብለው የተደረጉ ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩ ተመራማሪዎችም አንድ ነገር አግኝተዋል። ልጆች በክፍል ውስጥ ታሪክን ሲተውኑ የማንበብና የመናገር ችሎታቸው ይሻሻላል። ለአማርኛና ለእንግሊዝኛ መምህራን ይህ ወሬ ጠቃሚ ይመስለኛል። አንድ ተረት አንብቦ ጥያቄ ከመመለስ ተረቱን ተከፋፍሎ መተወን ሊበልጥ ይችላል። ምንም ወጪ የለውም።

በእኛ ሁኔታ ደግሞ የዲሲፕሊኑና የርኅራኄው ነገር ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ከገጠር ተፈናቅለው ባሕር ዳር ዘመድ ጋ የተጠጉ ልጆች አሉ። ተኩስ የሰማ፣ ሰው የሞተበት፣ ዓመት ሁለት ዓመት ያቋረጠ ልጅ ተመልሶ ሲቀመጥ የመጀመሪያ ችግሩ አልጀብራ አይደለም። ዝም ይላል፣ ይደነግጣል፣ ወይ ይደባደባል። የሥዕል ሰዓት ሕክምና አይደለም። መምህሩም የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለም። «ያየኸውን ሣል» ብሎ ልጁን ማስጨነቅም አይገባም። የፈለገውን ይሣል። አበባ ከሣለ አበባ ነው። በጋራ ሲዘፍን፣ በጋራ ሲያጨበጭብ፣ አጠገቡ ካለው ጋር አንድ ትልቅ ወረቀት ሲቀባ የሚያገኘው ነገር አለ። ቢያንስ በዚያ ሰዓት ውስጥ ስሕተት የሚባል መልስ የለም። ይህ ሰዓት አሁን፣ በዚህ ዓመት፣ ከመቼውም በላይ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ አሁን ነው የምናጥፈው። «ያቋረጡትን ያካክሱ» በሚል።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ ግማሽ እውነት አለው። የዘይት ቀለምና ሸራ ውድ ነው። ፒያኖም አይታሰብም። ግን የባሕር ዳር ልጅ ለመጀመር ያ ሁሉ አያስፈልገውም። ከሰል አለ። ሸክላ አፈር አለ። የስሚንቶ ከረጢት ወረቀትና ካርቶን አለ። ደንገል አለ፤ የሐይቁ ዳርቻ ሲታረስና እምቦጭ ሲወርር እየሳሳ ቢመጣም። ይህ ራሱ ከሳይንስ መምህሩ ጋር ተጋግዞ የሚሠራበት ትምህርት ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ወንዶቹ በየሰፈሩ አበባና መልአክ ሥለው ያዞራሉ። ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፤ ለእያንዳንዱ ቤት እንደ ባለቤቱ ግጥሙን እየለወጡ። ትንሽ ቀደም ብሎ በቡሄ ሆያ ሆዬው አለ። ልጆቻችን በክረምቱ ማብቂያ ላይ ሠዓሊም፣ ገጣሚም፣ ዘፋኝም ናቸው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ከዚያ በቀናት ውስጥ ነው። የመስከረም የመጀመሪያው የጥበብ ክፍለ ጊዜ «እስቲ የዘንድሮውን ሥዕላችሁን አምጡ፣ ለጎረቤት የገጠማችሁትን በሉ» ብሎ ቢጀምር መጽሐፍ እንኳ አያስፈልገውም።

ከዚያ አልፎ የሚሄድ ትምህርት ቤት ደግሞ ባለ ሥዕል ገዳማቱ ዘጌ አለለት። ባሕር ዳር ተወልዶ ባሕር ዳር 12ኛ ክፍል የጨረሰ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግን ያላየ ልጅ ብዙ ነው። ከዓለም ዳርቻ ሰው የሚመጣበት ሥዕል በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይርቀዋል። ለልጆቹ «ይህ ቅርስ ነው፣ ጠብቁት» ብሎ መመለስ ግን አይበቃም። ሥዕሉን ማንበብ ይማሩ። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል። ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን አንዴ ያወቀ ልጅ ግድግዳውን ሁሉ እየዞረ ራሱ ይለያል፤ ማንም መንገር አያስፈልገውም። ከዚያ «ሠዓሊው ለምን እንዲህ አደረገ? አንተ ብትሆን ክፉን ሰው በምን ታሳየዋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱን ይዞ ክፍሉ ገብቶ ይሣላል። ሌላ እምነት ያለው ልጅም በዚህ ጥያቄ እኩል ይሳተፋል። ጥያቄው የሥዕል ጥያቄ ነውና። አንዳንዶቹ ገዳማት፣ ለምሳሌ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ሴት አያስገቡም። ዑራና አዝዋ ማርያም ግን ለሴት ልጆችም ክፍት ናቸው። ጀልባ ለማይችል ትምህርት ቤት የሥዕሉን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትሞ ክፍል ውስጥ መለጠፍ ይቻላል።

ለሙዚቃውም እንዲሁ። ከተማችን ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አላት። በየምሽት ቤቱ ማሲንቆ የሚመቱ ባለሙያዎች አሏት። አንድ ባለ ማሲንቆ በወር አንድ ጠዋት ክፍል ገብቶ የፈረስ ጭራው ክር እንዴት እንደሚወጠር፣ ቆዳው እንዴት እንደሚለጠጥ፣ በአንድ ክር ብቻ ያ ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ ቢያሳይ የፊዚክስ መምህሯም መጥተው ይቀመጣሉ። ለመጣው ሰው ግን ይከፈለው። በነጻ ይምጣ የሚለው ልማዳችን ያው የድሮው ንቀት ነው። ልጆቹ ፊት «መምህር» ተብሎ ይጠራ። ያቺ አንዲት ቃል አዝማሪን በስድብነት የሚያውቀውን ልጅ ታስተምረዋለች።

የመምህራን ሥልጠናው ከትምህርት ቤቱ አቅም በላይ ነው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና ትምህርት ቢሮው ካልያዙት አይሆንም። አራቱንም ጥበብ የሚችል ሰው መጠበቁን ትተው አንዱን በደንብ የሚያውቅ መምህር ቢያወጡ፣ በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶችም መምህራንን ቢዋዋሱ ይሻላል። ሠዓሊው በዚህኛው መንፈቅ እዚህ፣ በሚቀጥለው ጎረቤት ትምህርት ቤት።

ምዘናውም መለወጥ አለበት። «የቀለም ዓይነቶችን ዘርዝር» የሚል ፈተና ሥዕል አይመዝንም። ለእያንዳንዱ ልጅ ከካርቶን የታጠፈ አንድ ማኅደር ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ የሠራው ሁሉ እዚያ ይገባል፤ የተበላሸውም ጭምር። በመስከረም የሣለው ፊትና በግንቦት የሣለው ፊት ጎን ለጎን ሲቀመጡ መምህሩም፣ ወላጁም፣ ልጁም ለውጡን ያያሉ። ካርድ ላይ ከሚጻፍ 85 ወይም 90 የበለጠ ይናገራል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ልጅ በባህልና በጥበብ ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ወላጅ ይህን አንቀጽ መጥቀስ አይጠበቅበትም። ትምህርት ሲከፈት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ስለ መዋጮ፣ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ሰዓት ይወራል። እዚያ ላይ እጅ አውጥቶ የጥበብ ክፍለ ጊዜውን ዘንድሮ ማን እንደሚያስተምረው መጠየቅ ይቻላል። አምና ስንቱ ተይዞ ስንቱ እንደታጠፈ ከፕሮግራሙ ላይ እንዲነገር መጠየቅ ይቻላል። የልጁን ማኅደር በመንፈቁ ማብቂያ ከካርዱ ጋር ማየት እንደሚፈልግም ለክፍል ኃላፊው መንገር ይቻላል። ሁለት ሦስት ወላጆች ይህን ከጠየቁ ርዕሰ መምህሩ ግንቦት ላይ ፔሬዱን ከማጠፋቸው በፊት ቢያንስ ይደውላሉ።